«ለሴት ትንሽ ሽጉጥ ይበቃል» የሚለው ምክር

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል ጅምላ መደብር አለኝ፤ ቤቴ ደሴ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ግማሹን ቤት አያድርም። የማድረው ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነው፤ ወንዱ 11፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። በቅርቡ የአንድ ጎረቤት መጋዘን ሌሊት ተሰብሮ ዘበኛው ተደብድቧል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሽጉጥ ለመያዝ ወስኛለሁ፤ ተኩሼ ግን አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ «ለሴት ትንሽ ሽጉጥ ይበቃል፣ ቦርሳም ውስጥ ይገባል» ብሎ ቱርክ ሠራሽ አግኝቶልኛል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ወረቀት ግን የለውም። ሌላ ዘመዴ ደግሞ ማካሮቭ ያዢ ይለኛል። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምዎ ለእርስዎ አስበው ነው፤ ምክራቸው ግን የተገለበጠ ነው። ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ ይመቻል እንጂ ለመተኮስ አይመችም። ያው አንዱ ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲወጣ ከከባዱ ይልቅ እጅን አብዝቶ ይመታል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚቀራረብ ደግሞ እጅ ላይ የተፈጠረች ጥቂት መዛነፍ ዒላማው ጋ ስትደርስ ትሰፋለች። ልምድ ያለው ሰው እንኳ በትንሽ ሽጉጥ ይበልጥ ይስታል። ጀማሪ ከሆነች ሁለት ሦስት ጊዜ እጇን ከመታት በኋላ፣ ምላጩን ልትስብ ስትል ዓይኗን መጨፈንና አፈሙዙን ወደ ታች መግፋት ትጀምራለች። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ብዙ ይደከማል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ የመጀመሪያ ሽጉጥ መካከለኛ ወይም ሙሉ መጠን ያለውን ይፈልጉ፤ በርሜሉ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ጥይት ከ600 እስከ 950 ግራም ቢሆን ይበቃል። ቦርሳ ውስጥ መግባቱን እንደ ጥቅም አይቁጠሩት። ቦርሳ ይረሳል፣ ይነጠቃል፣ ልጅ ብስኩት ፍለጋ ይከፍተዋል።

ወረቀት የለውም ባሉበት ቦታ ላይ ጥያቄው ማለቅ ነበረበት። በአገራችን የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ቅደም ተከተሉም ፈቃድ፣ ከዚያ መሣሪያ እንጂ «አሁን ልግዛው፣ በኋላ አስመዘግባለሁ» አይደለም። መስፈርቱንና የሚቀርበውን ማስረጃ ከተማዎ ፖሊስ ዘንድ በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ሰው ብር አይስጡ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም እጅ ተለዋውጠው የተመለሱ ከተሞች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየሰው እጅ የሚዞረው መሣሪያ ከየት እንደመጣ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ትናንት ማን ላይ እንደተተኮሰ አይናገርም፤ ሲያዝ ግን የሚጠየቀው ያዡ ነው።

አሁን «ቱርክ ሠራሽ» የሚባለውን እንለየው። ቱርክ ውስጥ እንደ ጃኒክና ሳርሲልማዝ ያሉ ፋብሪካዎች ደህና የሚባል እውነተኛ ሽጉጥ ይሠራሉ። በእኛ ገበያ በርካሽ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ፣ በኋላ በጓዳ ተነካክቶ እርሳስ እንዲያስወጣ የተደረገ። እንዲህ ያለው አካሉ የሚሠራው በአብዛኛው ዛማክ ከሚባል የዚንክ ድብልቅ ነው፣ ብረት አይደለም። የ9 በ19 ጥይት (የእርሳሱ ውፍረት 9፣ የቀለሁ ቁመት 19 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ) ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 2,350 ባር ይፈቀድለታል፤ የድምፅ ሽጉጥ ይህን እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። አንዱን ተኩሶ ደህና ሊመስል ይችላል፤ በቀጣዩ ስላይዱ (ጥይት ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው አካል) ተሰንጥቆ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል፣ ወይም በርሜሉ እጅ ላይ ይፈነዳል።

መለየት ይቻላል። ማግኔት ስላይዱ ላይ ያስጠጉ፤ የእውነተኛ ሽጉጥ ስላይድ ብረት ስለሆነ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ የዚንኩ አይዝም። ሙከራው ስላይዱ ላይ ይሁን፤ የደህና ሽጉጦች የታችኛው አካልም አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል እዚያ ላይ ማግኔት አለመያዙ ምንም አይነግርዎትም። ጎኑ ላይ «9 ሚሊ ሜትር ፒ.ኤ.ኬ.» የሚል በላቲን ፊደል ከተቀረጸ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ የድምፅ ጥይት መለያ ነው። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ወይም ስላይዱና አካሉ ላይ ያለው ቁጥር የማይመሳሰል ከሆነም ይመልሱት።

ማካሮቭ ላይ እንምጣ። በሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. የገባ፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ ካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ ጠንካራ ዕቃ ነው። እጀታው ቀጭን ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይስማማል። ችግሩ ሞላው ነው። በርሜሉ ከስላይዱ ጋር የሚቆላለፍበት አሠራር ስለሌለው የጥይቱን ግፊት የሚይዙት የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት ለማቀባበል ጉልበት ይጠይቃል። «ትንሽ ስለሆነ ለሴት ይቀላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ከማካሮቭ የሚተልቁ ብዙ የ9 በ19 ሽጉጦች ስላይዳቸው በቀላሉ ይሳባል። ካዝናው የሚወጣው በእጀታው ግርጌ ያለውን ማሰሪያ በሌላኛው እጅ ወደ ኋላ በመግፋት ስለሆነም ፈጥኖ አይለቅም።

የሴፍቲው (ሽጉጡ እንዳይተኮስ የሚቆልፈው ማንሻ) አቅጣጫ ሌላ ወጥመድ ነው። ማካሮቭ ላይ ማንሻው ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ነጥብ ይታያል፣ ያኔ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ቤሬታ 92 የሚባለው የጣሊያን ሽጉጥ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚቆለፈው። በአንዱ ተለማምዶ ሌላውን የያዘ ሰው ተቆልፏል ብሎ የሚያስቀምጠው ክፍቱን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን።

ሌላውን የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭን ለእርስዎ አንመክርም። እንደተሠራ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፤ መዶሻውን (ከኋላ ያለው፣ ምላጩ ሲሳብ ወድቆ የሚመታው ክፍል) ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ብቻ ነው ያለው፣ ያ ደግሞ ሲወድቅ አይታመንም። 7.62 በ25 ጥይቱም ፈጣንና ቀጭን ስለሆነ ብዙ ነገር በስቶ ያልፋል። ስታር የሚባለው ሽጉጥ በስፔን የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ የተሰበረ ክፍል መተኪያ ማግኘት ችግር ነው። ባለ ተሽከርካሪ ካዝናው ሪቮልቨር ማቀባበል ስለሌለበት ለጀማሪ ይቀላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የምላጩ መሳቢያ 5 ኪሎ ግድም ስለሚከብድ ጣት እየጎተተ አፈሙዙን ያዛውራል፣ የሚይዘውም 5 ወይም 6 ጥይት ነው።

በፈቃድና ከታወቀ ምንጭ ካገኙ የምንመርጥልዎት የ9 በ19 መካከለኛ ሽጉጥ ነው፤ እንደ ግሎክ 19 (15 ጥይት) ወይም የቼኩ ሲዜድ 75 ኮምፓክት ያለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ልጆች ስላሉና ጀማሪ ስለሆኑ፣ መዶሻው ከውጭ የሚታየውንና በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ ያለውን ሲዜድ እናስቀድማለን። ግሎክ ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፣ ምላጩ በ2.5 ኪሎ ግድም ይለቃል። ይህን ያህል የልጅ ሁለት አውራ ጣትም ይገፋል።

የመጨረሻውን ምርጫ የሚወስነው ግን እጅዎ ነው። ሻጩ ፊት እንዲህ ይፈትኑት።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበው ይያዙ፣ በርሜሉ ኋላ ያለውን የጥይት ቤት በዓይን ይዩ፣ በትንሽ ጣትዎም ይዳስሱ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ስላይዱን ቀድሞ ስቦ ካዝናውን በኋላ የሚያወጣ ሰው፣ ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው አንድ ጥይት ወደ በርሜሉ ይዞ ይገባል፤ እሱ ካዝናውን በእጁ ይዞ «ባዶ ነው» ይላል። «ባዶ መስሎኝ» ተብሎ ሰው የሚሞትበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ባዶ መሆኑ ከታወቀ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን የእጅዎን ሥጋ እጀታው ላይ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ይያዙ። በርሜሉ ከክንድዎ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ ሳለ የሌባ ጣትዎ ጫፍ፣ የጥፍሩ ጀርባ ያለው ሥጋ፣ ምላጩ መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ለመድረስ እጅዎን እጀታው ላይ ማዞር ካስፈለገዎት ሽጉጡ ሰፍቶዎታል፤ ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል።

ቀጥሎ ማቀባበል። በጣት ጫፍ ቆንጥጠው አይሳቡ። ሽጉጡን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን፣ በግራ መዳፍዎ ስላይዱን ከላይ ጨብጠው ይያዙትና በቀኝ እጅዎ እጀታውን ወደ ፊት ይግፉት፤ ሁለቱም እጅ በአንድ ጊዜ ይሥራ። መዶሻው የሚታይ ከሆነ አስቀድመው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ያንሱት፤ የመዶሻው ሞላ ስለሚቀነስልዎት ስላይዱ ይቀላል። አሥር ጊዜ አከታትለው ያቀባብሉ። ስምንተኛው ላይ ክንድዎ ከተንቀጠቀጠ ያ ሽጉጥ የእርስዎ አይደለም፤ በድንጋጤና በላብ እጅ ሌሊት ሲሆን ከዚህ ይብሳል።

ያገለገለ ከሆነ ካዝናውን አጥብቀው ይመርምሩ። የሚሰነቀር ሽጉጥ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የካዝናው ነው፤ ከላይ ጥይቱን የሚይዙት ሁለቱ ከንፈሮች የታጠፉ ወይም የተሰነጠቁ ከሆኑ፣ ወይም ሞላው ደክሞ የመጨረሻውን ጥይት ሽቅብ የማይገፋ ከሆነ ሌላ ካዝና ይጠይቁ። መምቻው (የጥይቱን ቂጥ የሚወጋው ሹል ብረት) መሥራቱን ለማየት ባዶውን ሽጉጥ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው፣ ፊትዎን ገለል አድርገው፣ ላጲስ ያለው የመጻፊያ እርሳስ በላጲሱ በኩል በርሜሉ ውስጥ ይክተቱና ምላጩን ይሳቡ፤ እርሳሱ ዘሎ መውጣት አለበት።

ጥይት ላይ ሰዉ «ዘጠኝ» ብሎ የሚጠራቸው ሦስት ናቸው፣ አንዱም የሌላው ምትክ አይደለም። 9 በ17 ከጣሊያን ጊዜ የተረፈው ቤሬታ 1934 የሚበላው ነው፤ 9 በ18 የማካሮቭ፤ 9 በ19 የግሎክና የሲዜድ። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ9 በ19 በርሜል ይወፍራል፤ የተለዋወጠ ጥይት ወይ ስላይዱን አያስዘጋም ወይ መሐል ላይ ይሰነቀራል። ጥርጣሬ ካለዎት ቀለሁን በካሊፐር (ሚሊ ሜትርን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ያስለኩ፤ ቁመቱ ራሱ 17፣ 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ግድም ይነግርዎታል። አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ ወይም የተሰረጎደ ጥይት አይግዙ። በልምምድ ላይ ድምፁ «ፕፍ» ብሎ ከሳሳ ወዲያው ያቁሙ፤ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ሲተኮስ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል። ምንም ካልጮኸ ደግሞ አፈሙዙን ሰው ከሌለበት ሳያነሱ 30 ሰከንድ ይቆዩና ከዚያ ያውጡት፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ።

ልምምድ ሳይኖር ሽጉጥ አይግዙ። ፈቃድ ሲጠይቁ ሕጋዊ የተኩስ ልምምድ የሚሰጥበትን መንገድ አብረው ይጠይቁ፤ በሐረጎ ጥግ ወጥቶ ተራራ ላይ መተኮስ ልምምድ አይደለም፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስማ የወጣው እርሳስ የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ መውረዱ አይቀርም። ቤት ውስጥ ግን በባዶው ብዙ መማር ይቻላል። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቅር፤ ሽጉጡን ሁለት ጊዜ ይፈትሹ፤ ስላይዱ ላይ፣ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ፣ የ1 ብር ሳንቲም ያስቀምጡና ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ይሳቡ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። እውነተኛው ተኩስ ላይ ደግሞ ክንድዎን አያልሉት፤ የእጅ አንጓ ከላላ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ቆሞ ይነከሳል። ያኔ የካዝናውን ታች በመዳፍ መታ፣ ስላይዱን አጥብቀው ሳብ፣ እንደገና ማነጣጠር።

ቤትዎ ውስጥ ስለ ግድግዳው ያስቡ። ቆርቆሮ፣ የእንጨት በርና ቺፑድ የ9 ሚሊ ጥይት አያቆሙም፤ የጭቃ ግድግዳም አይታመንም። ልጆቹ የሚተኙት ከየትኛው ግድግዳ ኋላ እንደሆነ፣ ጎረቤት በየት በኩል እንደሆነ ዛሬ በቀን ብርሃን ይዩት። ጥሩው ቦታ ልጆቹን ወደ እርስዎ ክፍል ሰብስበው፣ በሩን ቆልፈው፣ አልጋውን ተገን አድርገው፣ ፖሊስና ጎረቤት እየጠሩ የሚቆዩበት ነው። ሌባ ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ አይዙሩ።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር ይመጣጠን። ከረጢት ይዞ የሚሮጥ ሌባ ጀርባ ላይ መተኮስ ከዚህ ውጭ ነው። መደብሩ ውስጥ ደግሞ ሽጉጥ ብዙም አያድንዎትም። በ1983 እ.ኤ.አ. የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሰልጣኙ ዴኒስ ቱለር እንዳሳየው፣ ስለት የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ግድም የሚሆነውን ርቀት በ1.5 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። የመደብርዎ ባንኮኒ ስፋት ስንት ነው? አንድ ሜትር ባይሞላ ነው። ለመደብሩ የሚጠቅመው የቀኑን ገንዘብ ማታ ይዞ ወደ ደሴ አለመውጣት፣ ከባለመኪኖችና ከደንበኞች ጋር በባንክና በቴሌብር መተሳሰብ፣ ቀሪውን በየቀኑ ከመዘጋቱ በፊት ማስገባት ነው። ለቤቱም ከሽጉጡ በፊት የበሩ ማጠፊያ፣ ከውስጥ የሚገባ ወፍራም መቀርቀሪያና የግቢ መብራት ይቅደሙ።

ከገዙ፣ ማስቀመጫው ቀድሞ ይገዛ። ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ይሁን፤ ተነስቶ የሚሄድ ሣጥን ለሌባ ስጦታ ነው። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከነጠላ መሐል የሚባለውን ይተውት፤ የ11 ዓመት ልጅ ቤቱን ከእርስዎ የተሻለ ያውቀዋል። ቁልፉ በሰውነትዎ ላይ ይዋል፣ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ከበርሜሉ ኋላ ጥይት አይኑር፤ እጅዎ እስኪለምድ ድረስ ካዝናውም ለብቻው ይቀመጥ። በቆዳ ማህደር ውስጥ አያስቀምጡት፤ በደሴ የክረምት ጉም ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስስ ዘይት የነካ ደረቅ ጨርቅ ይሻላል። ለልጁም ደብቀው አይኑሩ፤ «ሽጉጥ ካየህ አትንካ፣ ወጥተህ ንገረኝ» የሚለውን ደጋግመው ይንገሩት፣ ግን በዚህ ተማምነው ሣጥኑን ክፍት አይተዉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ባለቤትዎ ከጅቡቲ መንገድ ሲመለሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ እርስዎ ደግሞ እንቅልፍ አጥተው ሽጉጥ አጠገብ ነዎት። ከዛሬ ጀምሮ ኮምቦልቻ ሲደርሱ እንዲደውሉ፣ ስልክ ካልተነሳ ግቢ እንዳይገቡ፣ በር ላይም በስማቸው እየተጣሩ እንዲያንኳኩ ይስማሙ። እርስዎም ድምፅ ሰምተው ፊቱን በመብራት ካላዩት ሰው ላይ ጣትዎን ምላጩ ላይ አያሳርፉ፤ ሣጥኑ አጠገብ አንድ የእጅ ባትሪ ይቀመጥ፣ ድንጋዩም በየወሩ ይለወጥ።